ጉልበት ታጥፎ የሚለካ ጫማ

ልጄ ፀደይ ለክረምት ከቱርክ አገር ስትመጣ፣ ሻንጣዋን ፈትታ ሳትጨርስ ሁለት ትልልቅ ጫማ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጠረጴዛዬ የምላት አራዳ ውስጥ ጫማ የምሰፋባትን ነው። የሙሽራ ጫማ፣ የወታደር ቡትስ፣ የነርስ ሸበጥ፣ ያልወጣባት የለም። እንዲህ ያለ ግን ወጥቶባት አያውቅም። ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ከውስጥ ሌላ ለስላሳ ጫማ አለው፤ ከፊት ለፊቱ የብረት ዘለበት ተደርድሮበታል። በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ባልዲ ጮኸ።

"ይኼ ጫማ ነው ወይስ ውሃ መቅጃ?"

"የስኖውቦርድ ጫማ ነው እማ። ደረቁ ዓይነት።"

"ደረቅነቱንስ አየሁት።"

ፀደይ የምትማረው ኤርዙሩም በሚባል ከተማ ነው። የእነሱ ክረምት ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ሲገባ አገሩ ሁሉ ነጭ ይሆናል። በጣውላ ላይ ቆሞ በበረዶ ቁልቁል መውረድን እዚያ ነው የተማረችው። መጀመሪያ በስልክ ያሳየችኝ ጊዜ "ተይ ልጄ ትሰበሪያለሽ" ብያታለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳይ ግን ዝም ብዬ አየሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ "ድገሚልኝ" አልኳት። ቀጥ ብላ አትወርድም። ጣውላውን በጠርዙ ታስተኛውና በረዶውን እንደ ቢላ እየቆረጠች ትታጠፋለች፤ እጇ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ታጋድላለች። ለዚህ ብዙው ሰው የሚያደርገው ለስላሳው ዓይነት ጫማ አይሆንም አለችኝ። እግር ሲገፋ ጠርዙ እዚያው መግፋት አለበት፤ መሀል ላይ የሚለመጥ ነገር ካለ ጉልበቱ ይባክናል። ይኼ ገባኝ። ላላ ያለ ሶል ላይ ቆሞ ማንም አይሮጥም።

"ታዲያ ምን ሆነ?" አልኳት።

"እግሬን ገደለኝ።"

ነገሩን አወጣጣሁት። የትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት በዚህ ዓይነት የምትወርደው፤ እሷም የኔዋ ልጅ ናት። ባለፈው ጊዜ ግን ከተራራው ወገብ ላይ ቆመች። ጣቶቿ ደንዝዘው፣ ቁርጭምጭሚቷ ተቃጥሎ፣ በረዶው ላይ ተቀምጣ ዘለበቱን ፈታች። ሰው እያየ አለቀሰች። አሰልጣኟም በኅዳር የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ከላይ እስከ ታች ሳትቆም ካልወረደች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረቻት። ጫማው ከእሷ በፊት የነበረች ልጅ ትታው የሄደችው ነው። በእሷ ልክ ሌላ ደረቅ ጫማ እዚያ የለም።

"ለዚህ ነው እስከዚህ ተሸክመሽው የመጣሽ?"

"እናቴ ጫማ ትሰፋለች አልኳቸው።"

ይኼን ስትል ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን ግን አላሳየኋትም።

"መቼ ነው የምትሄጂ?"

"መስከረም ሲጠባ።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለሽ! እስከዚያ ቤት ይሠራበታል።"

አድርጊና ቁሚ አልኳት። ሁለቱንም አድርጋ ዘለበቱን ጥርቅም አድርጋ ቆመች። እኔ ጋ ጫማ ሊለካ የሚመጣ ሰው ሁሉ አቋቋሙ አንድ ነው፤ "ቅዳሴ እንደምታስቀድስ ሆነህ ቁም" እለዋለሁ። በኛ ከተማ ጫማ የሚፈተነው ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሞ ያላሳመመ ጫማ ሌላ ቦታም አያሳምምም። ይኼን አሠራር ማንም ነቅፎብኝ አያውቅም።

"ጣትሽ ከፊት ይነካል?"

"ይነካል። ግን እማ፣ ቀጥ ብዬ ስቆም ነው የሚነካኝ። ጉልበቴን ሳጥፍ ጣቴ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚለካው ጉልበት ታጥፎ ነው። ፊቱን አትንኪው። አሰልጣኛችን እንደውም…"

"አሰልጣኝሽ ጫማ ትሰፋለች?"

"አትሰፋም።"

"በቃ።"

"እማ ስሚኝ እንጂ።"

"ሰምቼሻለሁ። አውልቂ።"

በማግሥቱ ፀደይ አክስቷን ልትጠይቅ አዘዞ ወረደች። እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ጎረቤቴ በላቸው ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ትኩስ አየር የምትተፋ መሣሪያ አለችው፤ እሷን ልዋሰው ሄድኩ።

"እትዬ የትነበርሽ፣ ስልክ መጠገን ጀመርሽ እንዴ?"

"ጫማ ላሞቅ ነው።"

"ጫማ በርዶታል?"

"አዎ፣ የበረዶ አገር ጫማ ነው። መሣሪያህን ስጥና ሥራህን ሥራ።"

ሰጠኝ። ሊያይ ግን መጣ። የግራውን ጫማ አፍንጫ በትኩሱ አየር እያሞቅሁ፣ ከውስጥ የእግር ቅርጽ ያለውን ትልቁን የእንጨት ፎርማ በመዶሻ ከተትኩበት። ፕላስቲኩ ሲሞቅ እንደ ሰም ለሰለሰና እሺ አለ። ከውስጥ የነበረውንም ለስላሳ ጫማ አውጥቼ ጣቱ ጋ ያለውን ወፍራም ስፖንጅ በምላጭ አነሳሁት። ሲበርድ ፎርማውን ነቀልኩ። ሸጋ ሆኖ ሰፍቷል። በላቸው ራሱ "ይኼንንስ ማንም አይሠራውም" አለ። ቀኙን ልጀምር ስል ፀደይ መጣች።

የግራውን አደረገች፤ ቆመች፤ ፊቷ በራ።

"ውይ እማ! እንደ ነጠላ ጫማ ሆነልኝ!"

በላቸውን ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ልጅቱ ጉልበቷን አጠፈችና ወደ ፊት አጋደለች። ያ የበራ ፊቷ ጠፋ።

"ምነው?"

"ተረከዜ ተነሳ።"

"አይነሳም።"

ከጠረጴዛዬ ላይ ቀጭን የቆዳ ቅዳጅ አነሳች፤ በባቷ በኩል ከጫማው አፍ አስገብታ እስከ ተረከዟ ሥር አወረደችው፤ ረግጣ ቆመች።

"ሳቢው" አለችኝ።

ሳብኩት፤ አልወጣም። ጉልበቷን አጥፋ ወደ ፊት አጋደለች።

"አሁንስ?"

ሳብኩት። እንደ ክር ሾልኮ እጄ ላይ ቀረ።

"እዚያ ላይ ሆኜ ተረከዜ እንዲህ ከተነሳ" አለች ቀስ ብላ፣ "ጠርዙ አይታዘዘኝም። እወድቃለሁ። ጉልበት ታጥፎ ነው የሚለካው፤ ፊቱን አትንኪው ብዬሽ ነበር።"

በላቸው መሣሪያውን ሰብስቦ ሹልክ አለ።

"ቀኙን ነክተሽዋል?"

"አልነካሁትም።"

"ተመስገን" አለችና ጫማውን አውልቃ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስትጮህ መልስ አላጣም።

ሁለት ቀን ያንን ጫማ ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ የሌላ ሰው ሥራ ሠራሁ። ልጅቱም ወደ ሱቅ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከቅዳሴ ሲወጣ መጣ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውሎ ነው የሚመጣው። ጥቁር ጫማውን አውልቆ ሰጠኝና በባዶ ካልሲ ተቀመጠ።

"ሶሉ አልቋል የትነበርሽ።"

ገልብጬ አየሁት። ተረከዙ እንደ አዲስ ነው፤ ፊቱ፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው፣ ተልጦ አልቋል። አምና የሠራሁለትም እዚያው ላይ ነበር ያለቀው። ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም። ዛሬ ግን ነገር ፈልጌያለሁ።

"አያ፣ ቀን ሙሉ የምትቆም ሰውዬ ነህ። ቀጥ ብለህ ከቆምክ ተረከዙ ነው ማለቅ ያለበት። ይኼ ፊቱ ምን ሆኖ ነው?"

"ማን ቀጥ ብሎ ይቆማል?"

"አንተ ነሃ! ካህናቱ!"

ሳቀብኝ። "እስከ ዛሬ ስታስቀድሺ የት ነበር የምታዪው? ጣሪያውን?" አለና መቋሚያውን ይዞ ተነሳ። ጫማው እኔ ጋ ስለሆነ ከመደርደሪያዬ የማን እንደሆነ የማያውቀውን ጫማ አንስቶ አጠለቀ። "ወረብ ሲወረብ እንዲህ ነው።" መቋሚያውን ወደ ፊት ተከለ፤ ጉልበቱን ለቀቅ አደረገ፤ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም አለ። "ጉልበቱን ገትሮ የቆመ ሰው ግማሽ ሰዓት አይቆይም። እኛ የምንውለው በታጠፈ ጉልበት ነው።"

እኔ ዜማውንም መቋሚያውንም አላየሁም። የማየው እግሩን ነው። ጫማው የሌላ ሰው ስለሆነ ለእሱ ሰፊ ነው። ጉልበቱን ባጠፈ ቁጥር ተረከዙ ከጫማው ብድግ ይላል፤ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቱ ይመታል። ያንን ለማቆም ጣቶቹን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል።

"አያ፣ ጣትህን ምነው ጨበጥከው?"

"ጫማሽ ሰፊ ነዋ! ካልጨበጥኩት ይወልቃል።"

"ያማል?"

"ጥቂት ብቆይማ ምነው አያመኝ።"

ጫማውን ከእግሩ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። "ተቀመጥ፤ ያንተን ነገ ውሰድ" አልኩት።

"በምኔ ልሂድ?"

"እንካ፣ በዚሁ ሂድ። ጣትህን ጨብጥ።"

እየተራገመ ሄደ፤ ካህን እንደሚራገም ነው፣ በግዕዝ። እኔ ቤቴ ገባሁ። ፀደይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። የግራውን ሳይሆን ያልተነካውን የቀኝ ጫማ ከፊቷ አስቀመጥኩ።

"አድርጊው፤ ቅዳጁንም ክተቺ።"

"እማ፣ ተይው በቃ።"

"አድርጊው ብያለሁ። ጉልበትሽን እጠፊ። እዚያ ላይ ሆነሽ እንደምትታጠፊው።"

አጠፈች። ቅዳጁን ሳብኩት። ከቀኙም ወጣ። እኔ ካልነካሁት ጫማ! እኔም እሷም ቅዳጁን ፈጥጠን አየነው።

"ዘለበቱን የት ድረስ ነው የምታጠብቂው?" አልኳት።

"እስከ መጨረሻው።"

"ለምን?"

"እግሬ ውስጡ ስለሚዋኝ ነዋ።" ይኼን ብላ አፏን ያዘች።

"የጠበበሽ መስሎኝ ነበር" አልኳት። "ጫማው አልጠበበሽም፤ ሰፍቶሻል። እዚህ ቆመሽ ጣትሽ ቢሸሽም፣ ቁልቁል ስትወርጂ ተረከዝሽን የሚይዘው ነገር የለም። እግርሽ ወደ ፊት እየሄደ ጣትሽን ይመታል፤ አንቺ እሱን ላቁም ብለሽ ዘለበቱን ትጠረቅሚያለሽ፤ ያኔ ደሙ አይዘዋወርም፤ ትደነዝዣለሽ። ካልሲስ ምን ያህል ነው የምታደርጊው?"

"ሁለት ወፍራም። ሙቀት እንዲኖረው።"

"ከዛሬ ጀምሮ አንድ ስስ።"

"እኔኮ ጉልበት ታጥፎ ነው የሚለካው ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"በላቸው ሰምቷል።"

"ሰምቷል እሺ! አሁን ልታለቅሺ ነው ልትሠሪ?"

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አብረን ነው የሠራነው።

ተረከዝ የሚይዝ ነገር ስፖንጅ አይሆንም፤ ስፖንጅ ባንድ ወር ተረግጦ ወረቀት ይሆናል። የሚያስፈልገኝ የተደቆሰ የበግ ሱፍ ነው፤ ደጋ ውስጥ ለቆብ የሚሠሩት፣ ውሃ የማይበግረው። ደባርቅ አማረች የምትባል ሱፍ የምትደቁስ ወዳጅ አለችኝ። ጫማውንም፣ ልጅቱንም፣ ከጫማው ጋር ያመጣቻቸውን፣ ጫማውን ከጣውላ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብረቶችም ይዤ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጣውላዋን ኤርዙሩም ትታው ስለመጣች አናጢ ዘንድ በቁመቷ ልክ አንድ ወፍራም ጣውላ አስቆርጬ ብረቶቹን በብሎን አሳስሬያለሁ። ረዳቱ ጣውላውን ጣሪያ ላይ ሲጭን "ይኼ የበር ነው የአልጋ?" አለ። "የበረዶ ነው" አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ዳባት አላናገረኝም።

አማረች በሩ ላይ ተቀበለችን። ጫማውን አየችና "ይኼ ለማን በቅሎ ነው?" አለች።

"ለኔ ነው" አለች ፀደይ።

"አንቺስ ሸጋ ልጅ ነበርሽ፤ ምን አደረግሻት የትነበርሽ?"

ሱፉን ዘርግታ አሳየችኝ። ድርብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ጠፍር የሚከብድ። እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ ቆረጥኩት። የልጅቱን ቁርጭምጭሚት አጥንት በኖራ ከበብኩና አጥንቱን ባዶ አድርጌ፣ ሱፉን ከሥሩና ከኋላው ዞሮ ተረከዙን እንዲያቅፍ አደረግሁት። አጥንቱ ላይ ሱፍ ቢያርፍ ያቃጥላታል፤ ከሥሩ ሲሆን ግን አጥንቱን ቁልቁል ይይዘዋል። ለስላሳው ጫማ ላይ በማስቲሽ ለጥፌ በክር ደገምኩት። የግራውን ስፖንጅ ያነሳሁበትን አፍንጫም በስስ የፍየል ቆዳ መልሼ ደፈንኩት። ፕላስቲኩ ላይ የሰፋው ሰፋ፤ እሱ ጣቷን ያሞቅላት እንደሆነ እንጂ አይጎዳትም።

ከአማረች ቤት ጀርባ ሣር ያለበት ተዳፋት አለ። ጣውላውን እዚያ አጋደምነው። ፀደይ ጫማውን ብረቱ ውስጥ አስገብታ ቀለበቱን ከፊት ቀጭ አደረገችና ቆመች። ሁለቱ እግሮቿ ወደ ጣውላው አፍንጫ ዞረው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነው። ጉልበቷን አጠፈች፤ ጉልበት ከጉልበት ተጋጨ።

እጄ ብሎኑን ሊፈታ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

"ንገሪኝ እስቲ" አልኳት። "ምን ይደረግ?"

ተገርማ አየችኝ። "የኋላው እግሬ ተረከዙ ትንሽ ከፍ ቢል፣ የፊቱ ደግሞ ጣቱ ከፍ ቢል ጉልበቴ ይላቀቅ ነበር። እዚያ ሽብልቅ ይደረግበታል።"

ሰምቼም ስጨርስ የራሴን አልጨመርኩም፤ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ከቦርሳዬ የሶል ጎማ አውጥቼ በሽብልቅ ቅርጽ ቆረጥኩና ከሁለቱ ብረቶች ሥር፣ አንዱን ከኋላ አንዱን ከፊት ከተትኩ። እንደገና አጠፈች። ጉልበቶቿ ተለያዩ።

"ወይኔ እማ፣ ይኸው!"

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። የጣውላውን አንድ ጠርዝ በድንጋይ አስነስተን በሌላው ጠርዙ ወደ ታች እንዲያጋድል አደረግነው፤ በበረዶው ላይ እንደምታስተኛው። በወገቧ ዙሪያ የጭነት ጠፍር አሰርኩባት፤ ጫፉን እኔ ከኋላዋ ያዝኩ። በሁለቱም እግሯ ደግሞ አንድ አንድ ቅዳጅ በባቷ በኩል ተረከዟ ሥር አስገባሁ። ሰዉ ተሰበሰበ።

"እናትየዋ ልጇን ልታርስባት ነው!" አለ አንዱ።

"በርቺ፣ መሬቱ እርጥብ ነው!" አለ ሌላው።

"አንተ ና ጠፍሩን ያዝ፣ አፍህ ከሚሠራ" አልኩት። መጣና ያዘ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ እጄ ነጻ ሆነ።

"ዘለበቱን እስከ መጨረሻው እንዳታጠብቂ" አልኳት።

"ገና ሁለተኛው ጥርስ ላይ ነኝ።"

"ውረጂ።"

ጉልበቷን አጠፈች፤ ወደ ፊት፣ ወደ ታች አጋደለች። ጠፍሩ ተወጠረ። ፊቷ ወደ ሣሩ ቀረበ፤ እጇን ዘረጋችና የጣቷ ጫፍ ሣሩን ነካ። ክብደቷ ሁሉ ጠርዙ ላይ ነው። ጣውላው ጮኸ።

የቀኙን ቅዳጅ ሳብኩ። አልመጣም። ቆዳው እስኪለጠጥ ሳብኩ።

"እማ፣ እየሳብሽ ነው?"

"እየሳብኩ ነው።"

"ምንም አይሰማኝም።"

"ጣትሽስ?"

"ነጻ ነው። አንቀሳቅሰዋለሁ።"

ሌላውን እግር ሞከርኩ፤ እኔ ያበላሸሁትን። ሳብኩ። እሱም ያዘ። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

"አውጧት" አልኩ። ሰውዬው ጠፍሩን ሲስብ ልጅቱ እየሳቀች ቀና አለች፤ አማረችም እልል አለች፤ ለምን እንደሆነ ገብቷትም ይሁን ሳይገባት አላውቅም።

መስከረም ሲጠባ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ጫማዎቹን ቤት ውስጥ አድርጋ ጉልበቷን አጥፋ እየዋለች ሱፉ የእግሯን ቅርጽ ያዘ። መሪጌታ ሊሰናበታት ሲመጣ እንዲያ ሆና አገኛትና "ከኔ ይልቅ አንቺ ወረቡን ለመድሽው" አላት።

ኅዳር ላይ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ የቪዲዮ ጥሪ ነው። በላቸውን ጠርቼ አስከፈትኩት። ነጭ ተራራ ነው። አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ከላይ ተነሳች፤ ወደ ቀኝ አጋደለች፤ ወደ ግራ አጋደለች፤ ከወገቡ ላይ አልቆመችም። ታች ደርሳ ስልኩን ይዛላት ከነበረችው አሰልጣኟ ጋር ተነጋገረችና ተቀብላት ወደ ፊቷ አዞረችው። አፍንጫዋ ቀልቷል።

"አይተሻል እማ? ሳልቆም! አሰልጣኟ ጫማሽን ማን ሠራው አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"እናቴና እኔ።"

"ቦታሽስ?"

"የኔ ነው! የኔ!"

በላቸው ወንበሬን እየመታ ይጨፍራል። እኔ ስልኩን ቀምቼው ከኋላዋ ያለውን ተራራ አየሁ። በረዶው ላይ የተወችው መስመር ይታያል። ቆዳ ከመቆረጡ በፊት በወስፌ እንደሚጫረው ያለ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጠመዝማዛ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ መስመሩ ወፈር ብሏል።

"ፀዲ፣ ያቺ ሦስተኛዋ መታጠፊያ ላይ ምን ሆንሽ?"

"የቷ? ምንም አልሆንኩም።"

"ወፍራለች መስመሯ። የኋላው ሽብልቅ ትንሽ ይቀረዋል። ስትመጪ ይዘሽው ነይ።"

"እማ!"

"ይዘሽው ነይ ብያለሁ። አሁን ሂጂ፣ ድገሚው። አያለሁ።"